ስለ ፕላስቲክና ፀሐይ ጠይቁኝ (ጅማ)

ጋሽ ኬሚስት፦ ስትጠይቁ የላስቲኩን ዓይነት፣ ውፍረቱንና የሚውልበትን ቦታ ጻፉ። ያለዚያ መልስ የለኝም።

የአጋሮ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የምንዘረጋው ነጩ ላስቲክ በአንድ በጋ ተሰነጣጠቀ። ሻጩ «ዩቪ አለው» (የፀሐይ መከላከያ ተጨምሮበታል) ብሎን ነበር።

ጋሽ ኬሚስት፦ ሻጭማ ይላል። ውፍረቱስ? ለማንኛውም፣ ዩቪ ራሱ ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ነው፤ ላስቲክ ውስጥ የሚጨመሩት «ዩቪ» የሚባሉት መከላከያዎች ግን ሁለት ናቸው፤ ሰው ይደባልቃቸዋል። አንደኛው ጨረር ዋጪው ነው፤ እንደ ቤንዞትሪያዞል ያለው። ጨረሩን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሥራው ከውፍረት ጋር ስለሚሄድ ስስ ላስቲክ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የላዩ ገጽ መቼም ተጋልጦ ይቀራል። ሁለተኛው ሃልስ (HALS) የሚባለው መከላከያ ነው። እሱ ጨረር አይውጥም፤ ጨረሩ የፈጠራቸውን ፍሪ ራዲካሎች (ላስቲኩን የሚበጣጥሱ ቁጡ ቅንጣቶች) ያመክናል፣ ገጹንም ይጠብቃል። ለእናንተ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን ድኝ ወይም ክሎሪን ያለው ፀረ ተባይ ሃልስን ይገድለዋል፤ አጠገቡ አትርጩ! ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ላስቲኩን ለዝናብና ለሌሊት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቀን ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት።

ሂርማታ፦ ላስቲክ ስንት ዓመት ይቆያል?

ጋሽ ኬሚስት፦ የምን ላስቲክ?

እናት ዘይት፦ የኑግ ዘይት በነጭ ፔት (እንደ ውሃ ፕላስቲክ ያለ) ጠርሙስ እሸጣለሁ። ዩቪ ያለው ጠርሙስ ብገዛ ይበቃል?

ጋሽ ኬሚስት፦ አይበቃም፣ እህቴ። የዩቪ ጨረር የሞገድ ርዝመት ከ400 ናኖሜትር በታች ነው፤ ዘይትን ግን የሚታየው ብርሃንም ያበላሻል። የኑግ ዘይት ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድ (ከአየር ጋር ቶሎ የሚዋሃድ የስብ ዓይነት) ስለሚበዛበት ሽታውና ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል። ቡናማ ጠርሙስ ግዢ፣ ካርቶኑን አትክፈቺ።

ቡና በላ፦ መስታወት እያለ ምን ፕላስቲክ ያስመኛል!

ሂርማታ፦ እስከ አዲስ አበባ በአይሱዙ ጭነህ ሞክረው እስቲ፣ ስንቱ ይተርፋል?

ቡና በላ፦ ገለባ የሚባል ነገር አለ እኮ።

ጋሽ ኬሚስት፦ ተራ ነጭ መስታወትም ከዩቪው ብዙውን ያሳልፋል። ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ።

ማር ቤት፦ የዩቪ መከላከያውን ዱቄት ገዝቼ የማሩ ዕቃ ላይ ብቀባውስ? ዩቪ-328 በርካሽ አለ ብለውኛል።

ጋሽ ኬሚስት፦ አይቀባም፤ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ በማስተርባች (መከላከያው አስቀድሞ በተደባለቀበት የፕላስቲክ እንክብል) ነው የሚገባው። ዩቪ-328 ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት (ቶሎ የማይጠፉ ጎጂ ኬሚካሎችን በሚያግደው የዓለም ስምምነት) ከሚወገዱት ተርታ ገብቷል፤ አትንካው። ለማርህ ሙቀቱ ይብሳል፤ ከመስኮት አርቀው።

ሂርማታ፦ ጋሼ፣ ስንት ዓመት ነው ታዲያ?

ጋሽ ኬሚስት፦ ውፍረት! ዓይነት! ቦታ!

የአጋሮ ልጅ፦ የኛው ውፍረቱ 100 ማይክሮን (0.1 ሚሊሜትር) ነው። የተሰነጠቀው የአልጋውን ብረት በሚነካበት ነው፣ መሐሉ ደህና ነው።

ጋሽ ኬሚስት፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግረኝም? ብረቱ ሲግል ያቃጥለዋል። ብረቱን ነጭ ቀለም ቀቡት።