ከመሬት በታች ለምትሠሩ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን ሲቪል ምህንድስና የምትማር አንዲት ልጅ ስለ ሰርን፣ ስለ አውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ አነሳችብኝ። «ጋሼ፣ እዚያ ለመሥራት የግድ ፊዚክስ ማጥናት ነበረብኝ እንዴ?» አለችኝ። ለእሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልጻፈው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ልቤ ውስጥ ያለ ነው።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ ጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን ጥቃቅን የቁስ ቅንጣቶችን እጅግ አፍጥኖ የሚያላትምበት፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። ጥልቀቱ እንደ ቦታው ከ50 እስከ 175 ሜትር ይደርሳል። ላይ ላዩን ይህን ያህል መሬት መግዛት የማይቀመስ ነው። ከላይ ያለው አለትም ጨረሩን ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 መገኘቱ የተበሰረው ሂግስ ቦሶን የተባለው ቅንጣት የተገኘው እዚያ ነው። በዜና የምታዩዋቸው ፊዚሲስቶቹን ነው። ዋሻው ግን የተቆፈረው በ1980ዎቹ ነው። የቆፈሩት ደግሞ ቀያሾች፣ ጂኦሎጂስቶች፣ ፓምፕ ሲጠብቁ የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው። በፌብሩዋሪ 1988 የዋሻው ሁለት ጫፎች ሲገናኙ ስህተቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። በ27 ኪሎ ሜትር! ቀያሽ የሆናችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን የውሃውን ነገር ነው።

የዩራ ተራራ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ውሃ ያዘለ መሆኑን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ የዋሻውን መስመር ከተራራው የቻሉትን ያህል አራቁት። ያም ሆኖ የቀረችው አጭር ክፍል ውሃ ተፍታባቸው፤ ሥራውን ለወራት አጓተተችው።

ኋላ ደግሞ ሴሲ የምትባል የፈረንሳይ መንደር ላይ ሲኤምኤስ ለተባለው፣ የቅንጣቶቹን ግጭት ለሚመዘግበው ግዙፍ መሣሪያ መውረጃ ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ። ገና ቦታውን ሲጠርጉ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀረ የሮማውያን ቤት ፍርስራሽ ወጣ። ሥራው ቆሞ አርኪዮሎጂስቶች ገቡ። እነሱ ሲወጡ ቆፋሪዎቹን ውሃው ጠበቃቸው። አለቱ ጋ ለመድረስ 50 ሜትር ያህል ጠጠርና አሸዋ መዝለቅ ነበረባቸው፣ እሱም ውሃ የጠጣ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? በጉድጓዱ ዙሪያ ቀዳዳ ቀዳድተው ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ አዘዋወሩበት። መሬቱን አበረዱት። ክብ የበረዶ ግድግዳ ሠርተው በመሃሉ ሊቆፍሩ ነው። ከርሰ ምድሩ ግን ካሰቡት በላይ ይፈስ ስለነበር ግድግዳው አልገጥም አለ። በመጨረሻ ፈሳሽ ናይትሮጅን አምጥተው ክፍተቱን ደፈኑት።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ብልሃት አለ። መሣሪያውን ለመገጣጠም ጉድጓዱ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ በ15 ቁራጭ ገጣጠሙት። ከታች ውሃው ሲያስቸግር ከላይ ሥራው ይሄዳል። በፌብሩዋሪ 2007 ከባዱን ቁራጭ፣ 1,920 ቶን፣ 100 ሜትር ቁልቁል አወረዱት። በጎንና በጎኑ የቀረው ክፍተት 20 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀኑን ሙሉ። ይህን ያቀደው ሰው መሬት እንደምታዘገየው ከመጀመሪያው ያመነ ሰው ነው።

እኔ ይህን ለማመን አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አገር ቤት፣ የውሃ ማስተላለፊያ ዋሻ ላይ፣ የማታ ሽፍት። እጄ ላይ የጂኦሎጂ ሪፖርት አለ፤ አለቱ ጠንካራ ነው ይላል። ፎርማናችን ትምህርቱን ያልገፋ ሽማግሌ ነበሩ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ሥር መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ ባትሪያቸውን አበሩበትና ቆዩ። የመዳፋቸው መስመሮች ላይ ቀጭን ጭቃ ተኝቷል። ቀን ላይ ያ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። «ውጡ» አሉ። እኔ ሪፖርቱን አሳየኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ወረቀቱ ትናንት የተጻፈ ነው፤ ውሃው ግን አሁን ነው የሚናገረው» አሉኝና ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ውሃ ሲደፈርስ ከውስጥ አፈር እያጠበ ነው ማለት ነው፤ ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ግን መዳፍ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጣሪያው ወረደ። መቦርቦሪያ ማሽናችን ተቀበረ። ሰው አልተጎዳም።

ስለዚህ ልጄ፣ ፊዚክስ ባታጠኚም ለዚያ ሥራ ትፈለጊያለሽ። ሶፍትዌሩንም ተማሪው፣ ዛሬ ያለ እሱ አይሆንም። ግን የማታ ሽፍት ግቢ። ፎርማኑ ምን እንዳየ ጠይቂ። ውሃው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ በየዕለቱ ጻፊ። ለውጥ ካየሽ አለቃሽ ቢቆጣም ተናገሪ።

የዚያን ሌሊት ማስታወሻ ደብተር እስካሁን አለኝ። ጠርዙ በጭቃ ተበላሽቷል። ገጹ ላይ ያለው ሰዓቱና ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ውሃው ደፈረሰ»።