ኤስጂፒቲ ጨምሯል ሲሉን

ኮዬ ፈጬ፣ የእድር ስብሰባ ተበትኖ ቡናው ሲቀርብ ጎረቤቶቼ የላብራቶሪ ወረቀታቸውን እያወጡ ከበቡኝ። ላብራቶሪ እንደምሠራ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ኤስጂፒቲ የጉበት በሽታ ስም ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! ጉበት ሴል ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ነው፤ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ኤኤልቲ ተብሎ ይጻፋል። አላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ናይትሮጅን ያለበትን ክፍል ነቅሎ ለሌላ ሞለኪውል ይሰጣል። የቀረው ፓይሩቬት ይሆንና ጉበት ስኳር ይሠራበታል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቆይ ስኳራችን እንዳይወርድ ከሚያግዙት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደሜ ውስጥ ምን ይፈልጋል?

መልስ፦ ምንም። ሴሉ ሲጎዳ ነው የሚፈስሰው። ጤነኛ ሰውም ጥቂት አይጠፋበትም፤ ብዙ ላብራቶሪ እስከ 40 ዩኒት በሊትር ገደማ ደህና ይለዋል። ጉበቱ በጠባሳ ያለቀ ሰው ግን ቁጥሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የሚፈስለት ሴል የለማ! ለዚያ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚንና ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ቀለም ቢሊሩቢን ይታያሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ የጨመረው ኤስጂኦቲ ብቻ ነው። ብሎኬት ተሸካሚ ነኝ።

መልስ፦ እሱ ሌላው የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ግን ጡንቻ ውስጥም፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ከባድ ሥራ ብቻውን ሊያስጨምረው ይችላል። ናሙናውም ሊበላሽ ይችላል፤ አንዴ በባጃጅ ሲንገጫገጭ የመጣ ቱቦ ደም አሽከርክሮ ከሚለየው ማሽን፣ ከሴንትሪፉጅ፣ ሳወጣው፣ ገለባ መምሰል የነበረበት የደሙ ፈሳሽ (ሴረም) ቀይ ሴሎቹ ፈርሰውበት ቀይ ሽንኩርት የታጠበበት ውሃ መስሏል። እንዲህ ሲሆን «ድጋሚ ይቀዳ» እላለሁ። ታካሚው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት እወስዳለሁ። ቫይታሚን ቢ6 የጨመሩልኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ ከኪኒኖቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ ቢ6ን ያሳጣል፤ እግር የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ኤስጂፒቲም ራሱ ያለ ቢ6 አይሠራም። መድኃኒቱ ጉበትንም ሊጎዳ ስለሚችል ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ካስመለሰዎት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይኖር ቁጥር ጨመረ ብለው ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የወፍ በሽታ ይዞኝ ቅጠል ጠጥቼ ድኛለሁ። ቁጥሩም ወርዷል።

መልስ፦ ጉዳቱ ሲቆም ኤስጂፒቲ በሁለት ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ባይኖርም። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበት ይጎዳል። ይልቅ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርግ፤ ቢጫነቱ ጠፍቶም ቫይረሱ ሊቆይ ይችላል።

መጨረሻ ላይ አንድ አዛውንት ወረቀታቸውን አጥፈው ሰጡኝ። ኤስጂኦቲ ከኤስጂፒቲ ከእጥፍ በላይ በልጧል፤ መጠጥ የጎዳው ጉበት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሳያል።

«ጋሼ፣ አረቄ ይወስዳሉ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ለበዓል ብቻ።»

«ለየትኛው?»

ሳቁና ወረቀቱን ተቀበሉኝ።