ስለ ማያዎች ጠይቁኝ፦ የጋሽ ፊደል የጥያቄና መልስ ምሽት

ጋሽ ፊደል፦ እንደምን አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ ማያዎች የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። ደግሞ አደራ፣ ማያን ከአዝቴክና ከኢንካ አትቀላቅሉብኝ። ማያ የደቡብ ሜክሲኮ፣ የጓቲማላ፣ የቤሊዝና የሆንዱራስ ሰው ነው። ኢንካ ፔሩ ነው፤ በመሃል ስንት አገር አለ።

ሳምሪ፦ ጋሼ፣ ማያዎች ለምን ጠፉ?

ጋሽ ፊደል፦ አልጠፉም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማያዎች ዛሬም አሉ፤ ወደ 30 የሚጠጉ ቋንቋዎች ይናገራሉ። ባዶ የቀሩት እነ ቲካል ናቸው፤ የደቡቡ ቆላ የነገሥታት ከተሞች። እሱም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድርቅ አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ የነገሥታቱ ክብር መውደቅ አለበት። አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግራችሁን አትመኑ። በሰሜን እነ ቺቼን ኢትዛ ከዚያም በኋላ ደምቀው ኖረዋል። የመጨረሻዋ ነፃ መዲና ኖህፔተን ለስፔኖች የወደቀችው በ1697 ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር፤ ይኼን ያህል ቅርብ ነው። ስለዚህ «ነበሩ» አይባልም፤ «አሉ» ነው።

የፒያሳው፦ በ2012 ዓለም ይጠፋል ብለው የለ እንዴ?

ጋሽ ፊደል፦ አላሉም። ረጅሙ ቆጠራ የሚባለው የዘመን አቆጣጠራቸው አንድ ዙር ሞላ፤ 1,872,000 ቀን። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ ዜሮ ሲገባ መኪናው ይፈነዳል? ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 በኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ተነሥቼ ቡናዬን ጠጥቻለሁ። ቀጥሎ።

መምህሩ፦ ዓመታቸው ባለ 20 ቀን 18 ወራትና 5 ትርፍ ቀን ነው ይባላል። ይሄ ጳጉሜን አይደለም? ከኛ ወስደው ይሆን?

ጋሽ ፊደል፦ ጥያቄህ ጥሩ፣ መደምደሚያህ መጥፎ። 365ን ለ20 አካፍል፣ 5 ይተርፋል። ለ30 አካፍል፣ 5 ይተርፋል። ሒሳብ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም። ጳጉሜን 6 ደግሞ የላቸውም። አምስቱን ቀን ዋዬብ ይሏቸዋል፤ ክፉ ቀኖች ናቸው። እኛ በጳጉሜን ወንዝ ወርደን እንጠመቃለን፤ እነሱ በዋዬብ መታጠብም ማበጠርም ይፈሩ ነበር።

ትርፌ፦ ጽሕፈት ነበራቸው ወይስ ሥዕል ብቻ ነው?

ጋሽ ፊደል፦ ይኸውላችሁ! ወንበር ሳቡ።

ሥዕል ይመስላል እንጂ ጽሕፈት ነው። ገሚሱ ምልክት አንድ ሙሉ ቃል ነው፤ ገሚሱ ልክ እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ነው። እዚያ አገር ያለውን ትልቅ ነብር መሰል አውሬ ባላም ይሉታል። ጸሐፊው ከፈለገ የአውሬውን ጭንቅላት ይሥላል፤ ካልፈለገ ባ፣ ላ፣ ማ ብሎ ይጽፋል። ማ ለምን? ሳድስ ስለሌላቸው! «ም»ን መጻፍ ስለማይችሉ «ማ» ይጽፉና መጨረሻ ላይ ያለችውን አናባቢ ይውጧታል።

አሁን አሳዛኙን ስሙ። ዲዬጎ ዴ ላንዳ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ በ1562 ማኒ በምትባል ከተማ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ያው ሰውዬ ደግሞ ፊደላቸውን ልመዝግብ ብሎ የተማረ ማያ አስቀመጠ። «ቤን ጻፍልኝ» አለው፤ የስፔኑን ፊደል ቢ ማለቱ ነው፤ እነሱ ቤ ይሏታል። ሰውየው ቤ የሚለውን ድምፅ ጻፈ፤ መንገድ ላይ ያለ የእግር ዱካ ነው፣ ቤ በቋንቋቸው መንገድ ማለት ስለሆነ። ላንዳ አንዲት ተነባቢ አገኘሁ ብሎ መዘገበ። በዚህ ስንቱ ሊቅ ስንት ዘመን ተደናበረ! ምልክቱ ተነባቢና አናባቢ አብሮ የያዘ መሆኑን በ1952 ያሳየው ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል ሶቪየታዊ ነው፤ ያውም የማያን ምድር ረግጦ ሳያውቅ። ሀሁ የቆጠረ የቄስ ተማሪ ቢጠየቅ ግን ባንድ ከሰዓት ይደርስበት ነበር እላለሁ።

ላንዳ በመጨረሻ «እስቲ የፈለግከውን ጻፍ» አለው። ሰውየው «ማ ኢን ቃቲ» ብሎ ጻፈለት። አልፈልግም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ፈረንጅ ምላሱን የሚያስሩት ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እነሱም ዘንድ አሉ። ፀሐይ ቂን ነው። ጽሕፈት ጺብ ነው።

የፒያሳው፦ ጺብ? ጻፈ! ጽሕፈት! በቃ ዘመዶቻችን ናቸው!

ጋሽ ፊደል፦ አይደሉም። በአጋጣሚ የሚመሳሰል ቃል በየቋንቋው ሞልቷል። ይሄን ወሬ ዛሬ እንዳልሰማው።

ብርቄ፦ ምን ይበላሉ?

ጋሽ ፊደል፦ በቆሎ። ኪቼ የሚባሉት ማያዎች ሰው የተሠራው ከበቆሎ ሊጥ ነው ይላሉ። አማልክቱ መጀመሪያ በጭቃ ሞከሩ፣ ሟሟ። በእንጨት ሞከሩ፣ ልብ አልነበረውም። በበቆሎ ተሳካ። አበሳሰላቸው ላይ ነው ብልሃቱ፤ በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩትና ገለፈቱን አጥበው በድንጋይ ይፈጩታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወሰዱ፣ ኖራውን ተዉ። በቆሎ ብቻ የሚበላው ድሃቸው ቆዳው እየተላጠ አእምሮው እየታወከ አለቀ፤ በሽታው ፔላግራ ይባላል። በቆሎን ባሕር ማሽላ የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው። በርበሬም እንደዚያው።

የፒያሳው፦ በርበሬማ የኛ ነው!

ብርቄ፦ ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ እንዴት ይታሰባል?

መምህሩ፦ ከ1492 በፊት በቁንዶ በርበሬና በጥምዝ ነዋ።

የፒያሳው፦ አያቴ ቢሰሙህ ከቤት ያስወጡሃል።

ጋሽ ፊደል፦ መምህሩ ልክ ነው። የበርበሬ ጠብ ሌላ ቀን።

አቤል፦ ፓካል የሚባለው ንጉሥ ሬሳ ሣጥን ላይ መንኩራኩር ሲያበር ይታያል አይደል?

ጋሽ ፊደል፦ አይታይም። ፓካል በ683 የሞተ፣ ፓሌንኬ የምትባል የማያ ከተማ ንጉሥ ነው። መንኩራኩር ያልከው የዓለም ዛፍ ነው፤ ሰማይን፣ ምድርንና የሙታንን ዓለም ያገናኛል የሚሉት ዛፍ። የሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተጽፎበታል፤ የአባቶቹ ስምና የሞቱበት ቀን ነው። የተጻፈ እያለ ግምት ምን ያደርጋል?

ሄለን፦ ሰው ይሠዉ ነበር?

ጋሽ ፊደል፦ አዎ። ነገሥታቱ የራሳቸውንም ደም ይሰጡ ነበር። ያሽቺላን በምትባል ከተማቸው በተገኘ የድንጋይ ቅርጽ የንጉሡ ሚስት እሾህ የተሰካበት ገመድ በምላሷ ታሳልፋለች። እራት ሰዓት ነው፣ ይብቃን።

ሄለን፦ ቡናስ ነበራቸው?

ጋሽ ፊደል፦ ቡና ከኛ ነው የሄደው። የነሱ ካካው ነው፤ ቸኮላት የሚሠራበት ፍሬ። በ1984 ጓቲማላ ውስጥ ሪዮ አሱል ላይ ክዳኑ እየዞረ የሚገጠም ማሰሮ ተገኘ። ላዩ ላይ ካ፣ ካ፣ ዋ ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ሲመረመር እውነትም ካካው።

ዮናስ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ማያዎች ለምን ጠፉ?

ጋሽ ፊደል፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። አሉ፣ አሉ፣ አሉ!

ፍሬሕይወት፦ ስሜን በማያ ፊደል ይጻፉልኝ?

ጋሽ ፊደል፦ ፈም የላቸው፣ ረም የላቸው። ይቅርታ ልጄ።

ካሳ፦ የኔስ?

ጋሽ ፊደል፦ ያንተማ ቀላል ነው። ካ እና ሳ። ካው የዓሣ ክንፍ ነው፤ ማሰሮው ላይ ካካው የተጻፈበት ያው ነው።

ካሳ፦ ዓሣ ካሉ አይቀር፣ በጾም ይበላል አይበላም?

ጋሽ ፊደል፦ ደህና እደሩ።