እንጉዳይ ወንድና ሴት አለው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ነው። ክረምት ሲገባ ግቢያችን ካለ አሮጌ ጉቶ ላይ የጅብ ጥላ ይወጣል፣ ማታ ያልነበረው ጠዋት ቆሞ ታገኘዋለህ። አበባ የለው ፍሬ የለው፣ በምንድን ነው የሚራባው? ልጄ ወንድና ሴት አለው ወይ ስትለኝ መልስ አጣሁ። ነቅለን ብንጥለውስ ዓመት ጠብቆ እዚያው የሚመጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርልህ ወንድማችን፣ አንተ የምትነቅለው መራቢያውን ብቻ ነው፣ ዋናው አካሉ ጉቶው ውስጥ የተሰራጨ ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ቁልቋል ፍሬው ስለተለቀመ ተክሉ አይጠፋ፣ ይሄም እንደዛው ነው፣ የሚበላው እንጨት እስካለ ድረስ ዝናብ ሲያገኝ ይወጣል። ባንድ ሌሊት በቀለ የምንለውም ቀድሞ በትንሹ ተሰርቶ የቆየው ውሃ ሲጠጣ ስለሚለጠጥ ነው።

ወንድና ሴት የለውም። ግን ያገኘው ሁሉ ካገኘው ጋር አይጋባም፣ ሁለት ክሮች ሲገናኙ የመጋቢያ ዓይነታቸው ከተለያየ ነው የሚዋሃዱት። ስኪዞፊለም ኮሚዩን የሚባል ደረቅ ግንድ ላይ የሚበቅል ትንሽ እንጉዳይ ብቻውን ከ23,000 በላይ የመጋቢያ ዓይነት አለው፣ እኛ በሁለት ጾታ ስንት ጣጣ አለብን እኮ!

የሚገርመው ደግሞ ክሮቹ ተዋህደውም የሁለቱ ኒውክለስ (የዘር መረጃውን የያዘው የሴል እምብርት) ወዲያው አይቀላቀልም፣ አንድ ሴል ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ። የሚቀላቀሉት ጥላው ሲወጣ ነው። ገልብጠህ ሽንሽኖቹን እያቸው፣ እዚያ ላይ ባሲዲየም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሴሎች አሉ፣ ኒውክለሶቹ እነሱ ውስጥ ይገጥሙና ወዲያው ተከፋፍለው ብዙውን ጊዜ አራት ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግል ደቃቅ ብናኝ፣ ይወጣቸዋል። ስፖሩ ስር የምትጠራቀም ጠብታ ውሃ ድንገት ስትፈስበት ተፈናጥሮ ይለቅና ነፋስ ይወስደዋል።

ለልጅህ ለማሳየት እግሩን ቆርጠህ ጥላውን ሽንሽኑን ወደታች አድርገህ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጥና ብርጭቆ ድፋበት፣ ጠዋት የሽንሽኑ ቅርጽ በዱቄት ታትሞ ታገኙታላችሁ፣ ጥቁሩ የሚያስፈልገው ስፖሩ ነጭ ከሆነ እንዲታያችሁ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ ደግሞ በዱቄቱ ቀለም ይበላል አይበላም ብላችሁ እንዳትፈርዱ።

ሁሉም ዱቄት ግን የጋብቻ እንዳይመስልህ፣ የእንጉዳይ ዘመድ የሆነው ዋግ ስንዴን ሲመታው የምናየው ቀይ ዱቄት ያለጋብቻ የሚባዛ ስፖር ነው፣ የግንድ ዋግ የሚጋባው ስንዴው ላይ ሳይሆን ባርቤሪ በሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ነው።