ጋሽ ሚዛንን ጠይቁ፦ አውሮፕላን በሶፍትዌር መንደፍና የበረራ መረጋጋት

ጋሽ ሚዛን፦ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ነገሩ ሞዴል አውሮፕላን በኮምፒውተር መንደፍና፣ ፎም ሳይቆረጥ ሙጫ ሳይፈስ በፊት ይረጋጋል አይረጋጋም የሚለውን ማየት ነው። እኔ የምሠራው ኤክስኤፍኤልአር5 በሚባል የመረጋጋት ማስሊያ ፕሮግራም ነው፣ አልፎ አልፎ ኤቪኤል በሚባለው። የሞተርና የባትሪ ምርጫ ጥያቄ ለሌላ ሰው ተዉልኝ። የስበት ማዕከሉ፣ ማለትም አውሮፕላኑ የሚመጣጠንበት ነጥብ፣ የት እንደሆነ ያልጻፈ ሰው ከእኔ መልስ አይጠብቅ። ቅጽል ስሙን ያወጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ጋሽ ሚዛን፦ ለምኑ?

ጀማሪው፦ ለአውሮፕላን።

ጋሽ ሚዛን፦ ትዕግስቱን ይስጠኝ። ቅርጹን መሳል ከሆነ የፈለግከው ኦፕንቪኤስፒ አለልህ፤ ናሳ በ2012 ለሁሉም ክፍት ያደረገው። ኤርፎይል፣ ማለትም የክንፉን የጎን ቁርጥ ቅርጽ፣ ብቻውን ለመመርመር ኤክስፎይል፤ የኤምአይቲው ማርክ ድሬላ በ1986 የጻፈው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ክንፍና ጅራት አንድ ላይ ሆነው እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት ኤክስኤፍኤልአር5። ኤክስፎይልን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉም በነጻ ናቸው። አንዱን ይዘህ ቆይበት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አትዝለል።

ሰማያዊት፦ ጋሼ፣ እኔ ሁሉንም ጽፌ ነው የመጣሁት። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 20 ሴንቲ ሜትር። ጠቅላላ ክብደት 900 ግራም፣ ባትሪው 180። የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 70 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ፕሮግራሙ ገለልተኛ ነጥቡን 95 ላይ ሰጠኝ። ይበራል?

ጋሽ ሚዛን፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ሌሎቻችሁ አንብቡና ተማሩ።

ከ95 ላይ 70 ቀንሺ፣ 25 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ለ200 አካፍዪው። 12.5 በመቶ። የመረጋጋት ህዳግ የምንለው ይህንን ነው። ከ5 እስከ 15 በመቶ ያለው ለተለመደ ሞዴል ይሆናል።

አሁን ምን ማለት እንደሆነ። ንፋስ መጣና አፍንጫውን ወደ ላይ ገፋው እንበል። ክንፉም ጅራቱም ተጨማሪ ሊፍት፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል፣ ያገኛሉ። የዚያ ጭማሪ ድምር የሚያርፍበት ቦታ ነው ገለልተኛ ነጥብ። ክብደቱ ከእሱ ፊት ካለ ጭማሪው ከኋላ ያነሳና አፍንጫውን መልሶ ወደ ታች ያወርደዋል። ክብደቱ ከእሱ ኋላ ካለ ግን ጭማሪው አፍንጫውን ይብሱኑ ያነሳዋል። ያኔ መሬት ላይ ትለቅሚዋለሽ።

በፕሮግራሙ ላይ የምታዪው መስመር አንድ ነው፤ ሲኤም (አፍንጫውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዞረው ኃይል) ከአልፋ (ክንፉ አየሩን ከሚገጥምበት ማዕዘን) ጋር። ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል መውረድ አለበት፣ ዜሮን ሲያቋርጥ ደግሞ ክንፉ ገና ሊፍት እየሰጠ መሆን አለበት። የስበት ማዕከሉን በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ እየገፋሽ ደጋግመሽ አስሪው። መስመሩ ቀጥ ብሎ የተኛበት ቦታ ገለልተኛ ነጥብሽ ነው። አንዴ በእጅሽ ካደረግሽው አትረሺውም።

ግን 95ን እንዳለ አትመኚው። ፊውዝሌጁን፣ የአውሮፕላኑን ገላ፣ ሞዴሉ ውስጥ አስገብተሻል?

ሰማያዊት፦ አላስገባሁም። አታስገቡ ሲባል ሰምቼ።

ጋሽ ሚዛን፦ ልክ ነሽ፣ ስሌቱን ያበላሸዋል። እውነተኛው ፊውዝሌጅ ግን ገለልተኛ ነጥቡን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ከፊት ያለ ፕሮፔለርም እንደዚያው። ስለዚህ ለመጀመሪያ በረራ 15 በመቶ ያዢ፣ ማለትም 65 ሚሊ ሜትር። 5 ሚሊ ሜትር ለማምጣት 900 በ5 ስታባዢ 4500፣ ለ180 ስታካፍዪ 25። ባትሪውን 25 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫው ግፊው። በቃ።

አንድ ጥያቄ ግን፦ 70 ያልሽው ተለክቶ ነው ተሰልቶ?

ሙጫው፦ ፕሮግራሙ «ከበረራ ክልል ውጭ» እያለ ይጮህብኛል። ክንፌ ላይ ምን አጠፋሁ?

ጋሽ ሚዛን፦ ክንፍህ ምንም አልሆነም። ፖላር አንሶሃል፤ ኤርፎይሉ በየሬይኖልድስ ቁጥሩ የሚሰጠው የሊፍትና የድራግ (የአየር መጎተት) ሰንጠረዥ ማለት ነው። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ፣ የክንፉን ከፊት ወደ ኋላ ስፋት በሜትር ይዘህ አባዛቸው፣ ከዚያ በ68,500። 12 በ0.2 ከሆነ ሬይኖልድስ ቁጥሩ ወደ 164,000 ይመጣል። ጫፉ ላይ ክንፉ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ከጠበበ 99,000 አካባቢ ነው። ፕሮግራሙ ለዚያ ቦታ ያሰላኸው ከሌለ ከየት ያምጣው? ከ30,000 እስከ 500,000 ደርድርለት፣ ለጅራቱም ጭምር። ጅራቱን ሁሉም ይረሳዋል።

ዝም ባይ፦ ጥሩ ሶፍትዌር የቱ ነው?

ጋሽ ሚዛን፦ ወደ ላይ ውጣ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ግን ይህ ፕሮግራሙ የሚያሰላበት የቮርቴክስ ላቲስ ዘዴ ያረጀ አይደለም? የአየሩን ፍሰት በዝርዝር የሚያሰላው ሲኤፍዲ እያለ?

ጋሽ ሚዛን፦ ቮርቴክስ ላቲስ የአየርን ዝልግልግነት አያውቅም። ስለዚህ ስቶልን፣ ማዕዘኑ ሲበዛ ክንፉ ሊፍት ማጣቱን፣ አያውቅም። 20 ዲግሪ ላይ «ሊፍት አለህ» ቢልህ ሳቅበት። ለትንሽ ማዕዘን መረጋጋት ግን በሰከንዶች ውስጥ ይነግርሃል። አንተ ሲኤፍዲውን አንድ ሌሊት አሂደህ የተሳሳተ የስበት ማዕከል ብታስገባለት ምን ተጠቀምክ?

ሙጫው፦ ቁጥር ወዳዱ እኮ እስካሁን አንድ አላበረረም።

ቁጥር ወዳዱ፦ አንተስ? ሦስቱን ሰባብረህ የለ?

ሙጫው፦ ለመስበርም እኮ መሥራት ያስፈልጋል።

ጀማሪው፦ እኔ ኤክስፕሌን ሲሙሌተር ላይ ሠርቼ አበረርኩት፣ አሪፍ ነው። በቃ አይደል?

ቁጥር ወዳዱ፦ ጨዋታ ነው እሱ።

ሙጫው፦ ጨዋታ አይደለም፣ ክንፉን ቆራርጦ የእያንዳንዱን ኃይል ነው የሚያሰላው።

ጋሽ ሚዛን፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ሲሙሌተሩ እጅ ለማለማመድ ጥሩ ነው። ግን ስትበር በጣትህ ሳታውቀው ታስተካክላለህ፣ ችግሩም ይደበቅብሃል። ደግሞ እዚያስ የስበት ማዕከሉን የት አስቀመጥከው?

ጀማሪው፦ እንደመጣ ነው የተውኩት።

ጋሽ ሚዛን፦ አስር ጊዜ አታናግሩኝ እንጂ!

ሙጫው፦ ኤፍ16 ግን ሲሠራ ጀምሮ ያልተረጋጋ ነው ይባላል። ያውም ይበራል።

ጋሽ ሚዛን፦ እውነት ነው። በ1974 ሲነሳ ጀምሮ በአብራሪውና አፍንጫውን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው የጅራት መሪ መሃል ኮምፒውተር ነበረው። የራይት ወንድማማቾች የ1903ቱ አውሮፕላንም አፍንጫው አይረጋም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ኦርቪል ነበር። አንተ ኦርቪል ነህ?

ዝም ባይ፦ ጅራት የሌለው ክንፍ ብቻ መሥራት ብፈልግስ?

ጋሽ ሚዛን፦ ጅራት አልባ የእኔ ነገር አይደለም። የኋላ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ኤርፎይል ተጠቀም፣ የስበት ማዕከሉን ደግሞ በጥንቃቄ ለካ። ቀጣይ።

ቁጥር ወዳዱ፦ እሺ፣ ፕሮግራሙ ዓይነት 7 የሚለውን የመረጋጋት ስሌት ሠራሁ። ሁነቶቹ፣ አውሮፕላኑ ሲነካ የሚንቀሳቀስባቸው መንገዶች፣ ወጡልኝ። አንዱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለመርጋት ብዙ ይቆያል። ልፈራው?

ጋሽ ሚዛን፦ በመጨረሻ ደህና ጥያቄ ጠየቅክ። ፉጎይድ ነው እሱ። አውሮፕላኑ ይወጣል፣ ይዘገያል፣ ይወርዳል፣ ይፈጥናል፣ መልሶ ይወጣል። አልፋው ብዙም አይነቃነቅም። ፍጥነትህን በ0.45 አባዛው። በ12 ሜትር በሰከንድ 5.4 ሰከንድ አካባቢ ነው አንዱ ዙር። ከወጣልህ ጋር ከተቀራረበ ስሌትህ ደህና ነው። አትፍራው፣ አብራሪ ሳያስበው ያጠፋዋል። ስሙን ያወጣው ላንቼስተር ነው። የግሪኩ ቃል «መብረር» መስሎት ነበር፣ ለካ «መሸሽ» ኖሯል!

ሰማያዊት፦ በአማርኛ «ማዕበሌ» እንበለው።

ሙጫው፦ «ከፍ ዝቅ» ምን ይጎድለዋል?

ቁጥር ወዳዱ፦ ሳይንሳዊ አይደለም።

ጋሽ ሚዛን፦ ስም የምታወጡበት ሌላ ቀን ይሁን። የምትፈራው አጭሩን ነው፤ አፍንጫው ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዝበትን። እሱ በደንብ ካልረጋ ህዳግህንና ጅራትህን ተመልከት። ስፓይራሉ፣ ቀስ እያለ ወደ ጎን አዘንብሎ መዞሩ፣ በትንሹ ቢያፈነግጥ አያስጨንቅም፣ ብዙ አውሮፕላን እንደዚያው ነው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ኢነርሺያህ፣ ማለትም ክብደቱ በአውሮፕላኑ ላይ የተከፋፈለበት መንገድ፣ እውነት ከሆነ ነው። ባትሪ፣ ሞተር፣ እያንዳንዱ ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር)፣ ሙጫው ሳይቀር፣ በግራምና በቦታው ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ ስንፍና ይዞኝ የስበት ማዕከሉን በእጄ ጻፍኩለት። ስሌቱ ልብ የሚያሞቅ ነበር። አውሮፕላኑ ከእጄ እንደወጣ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቀለ፣ እዚያ ቆመ፣ ከዚያ በጅራቱ ወረደ። ፕሮግራሙ አልዋሸኝም። የጠየቅኩት ስለ ሌላ አውሮፕላን ነበር።

ዝም ባይ፦ ታዲያ ለጀማሪ ጥሩ ሶፍትዌር...

ጋሽ ሚዛን፦ ወደ ላይ ውጣ አልኩህ!

ሰማያዊት፦ ጋሼ፣ 70 ያልኩት ከፕሮግራሙ ላይ ነበር። አሁን ክንፉን በሁለት ጣቴ ሥር ይዤ አነሳሁት። 82 ላይ ነው የሚመጣጠነው።

ጋሽ ሚዛን፦ ይኸው! ህዳግሽ 6.5 በመቶ ነው፣ ፊውዝሌጁና ፕሮፔለሩ ሳይቀንሱበት። እንዳታበሪው። 17 ሚሊ ሜትር ነው የሚጎድልሽ፣ ለባትሪው ብቻ ከሆነ 85 መግፋት ነው። አፍንጫው ውስጥ ስንት ቦታ አለሽ?

ሰማያዊት፦ 40።

ጋሽ ሚዛን፦ 8 ሚሊ ሜትር አገኘሽ። ሰርቮዎቹ የት ናቸው?

ሰማያዊት፦ ሁለቱም ጅራቱ ሥር። 9፣ 9 ግራም ናቸው።

ጋሽ ሚዛን፦ ወደ ክንፉ ሥር አምጫቸው። ግማሽ ሜትር ከመጡ ሌላ 10 ነው። 64 ላይ ትገቢያለሽ፣ ከሰርቮዎቹ እስከ ጅራቱ የሚሄዱት የመግፊያ ሽቦዎች ክብደት ትንሽ ይመልስብሻል። ሽቦውን ከገጠምሽ በኋላ እንደገና በጣትሽ ያዢውና ቁጥሩን ጻፊልኝ። ነቅቼ እጠብቃለሁ።