ደሙ ከድስት ከወጣ በኋላ

ጥያቄ፦ ቂርቆስ ውስጥ በግቢዬ 40 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። የመኖ ዋጋ ስለከበደኝ ከቄራ አካባቢ የበሬ ደም ገዝቼ እቀቅልና ሸራ ላይ አስጥቼ አስፈጨዋለሁ፤ ከዚያም ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እደባልቀዋለሁ። ጎረቤቴ «በሽታ ታመጪባቸዋለሽ» ትለኛለች። መቀቀሉ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ያለ ምክንያት አልፈሩም። ከደም ዱቄት 80 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ የእርስዎም ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያም እርጥብ ነገር ውስጥ እያለ እስከ መሃሉ ድረስ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ካገኘው ይሞታል። አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ጥሬው ደም የመጣበት ባልዲ ለበሰለውም ካገለገለ፣ ወይም የተሰጣውን ዝንብ፣ ርግብና አይጥ ከነኩት፣ ባክቴሪያው ተመልሶ ይገባል፤ ደሙ እስኪደርቅ ድረስም እንደ ልቡ ይራባበታል። ከደረቀ በኋላ መራባቱን ቢያቆምም በዱቄቱ ውስጥ ለወራት በሕይወት ይቆያል፤ ድርቀቱም ሙቀትን የመቋቋም ዐቅሙን ስለሚጨምርለት፣ ዱቄቱን ምጣድ ላይ ማመስ አያስተማምንም። ሳልሞኔላ የገባባት ዶሮ ደግሞ ጤነኛ መስላ እንቁላል መጣሏን ልትቀጥል ስለምትችል፣ በሽታው አስቀድሞ የሚታየው በደንብ ያልበሰለ እንቁላል በበላ ልጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ስፖር በሚባል፣ በጠንካራ ሽፋን ውስጥ እንደተኙ በሚቆዩበት መልክ ሆነው መፍላትንም ይቋቋማሉ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሚቀበላቸው የእርድ ተረፈ ምርት ማቀነባበሪያ ዘዴዎች አንዱ 133 ዲግሪ ሙቀት፣ 3 ባር ግፊትና 20 ደቂቃ ይጠይቃል፤ የቤት ድስት እዚያ አይደርስም። የተቀቀለው ደም ድስት ውስጥ ካደረ ስፖሩ ነቅቶ ይራባል፤ በዶሮዎችም ላይ አንጀት የሚያቆስል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። አባ ሰንጋም ስፖር ስላለው፣ የእንስሳት ሐኪም ካልመረመረው እርድ የተገኘ ደም በጭራሽ አይግዙ።

በሥራው ከቀጠሉ ለጥሬውና ለበሰለው የተለያየ ዕቃ ይያዙ፤ የተቀቀለውን ፈርፍረው በስሱ ያስጡትና በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑት፣ በክረምት ግን ባይሞክሩት ይሻላል። መጠኑም ከ100 ኪሎ መኖ ከ3 ኪሎ አይብለጥ። የእርስዎ 40 ዶሮዎች በቀን 5 ኪሎ ያህል መኖ ስለሚበሉ የደሙ ድርሻ 150 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚህች ያህል ከመልፋት የአኩሪ አተር ፋጉሎ መግዛቱ ይቀላል ባይ ነኝ።