የጓሮ ጥያቄዎች፦ ውርጩ ላስቲክ ቤት ውስጥ እንዴት ገባ?

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ላይ 4 በ6 ሜትር የሆነ ላስቲክ ቤት በባሕር ዛፍ አጣና ሠርቼ ቲማቲም ተክያለሁ። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ አደርኩ፤ ጠዋት ስገባ ጫፍ ጫፉ ቅጠል ተለብልቧል። ውጭ ያለው ጎመን ግን ምንም አልሆነም። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለህ አስገባ ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከከሰሉ እንጀምር፤ አያስገቡ። በታፈነ ቤት ውስጥ ያደረ ከሰል ጠዋት በር ከፍቶ የሚገባን ሰው ሊገድል ይችላል። ለተክሉም አይበጅም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ የቲማቲሙን ቅጠል ወደ ታች ያቆለምመዋል፣ አበባውንም ያረግፈዋል።

ጎመኑን ምስክር አድርገው አይቁጠሩት። ጎመን ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ ቲማቲም ግን 0 ዲግሪ ሲደርስ ይለበለባል፣ ከ10 ዲግሪ በታችም ነፍሱን ይዞ ያድራል እንጂ አያድግም። ያም ሆኖ ውስጡ ከውጭው ይበልጥ ቀዝቅዞ ይሆን የሚለው ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ተራ ላስቲክ ነፋስ ይከለክላል እንጂ መሬቱ ሌሊት የሚተፋውን ሙቀት ወደ ሰማይ ያሳልፈዋል። ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጸጥ ባለበት ሌሊት የተዘጋ ላስቲክ ቤት ከውጭው አየር በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሊያድር ይችላል፤ በውጭ ያለው ሞቅ ያለ አየር ገብቶ እንዳይቀላቀል ራሱ ላስቲኩ ይከለክላልና። ቀድሞ የሚመታውም ከጣሪያው ሥር ፊት ለፊት ያለው የጫፉ ቅጠል ነው።

ሥራው የሚሠራው ቀን ነው። ሙቀት የሚያጠራቅመው አፈሩ ስለሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ከተክሉ ሥር የጎዘጎዙትን ገለባ ያንሡ፤ ገለባ ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ደግሞ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ይጋርዳል። ውሃውን ጠዋት ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ጎኖቹን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳለች ይዝጉ። 12 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ሰው የሚቆልፈው ብርዱን ነው።

ቀጥሎ ተክሉን ሁለተኛ ልብስ ያልብሱት። ለአጫጭሩ ተክል ቀርከሃ ሰንጥቀው በመደቡ ላይ እንደ ቀስት ይትከሉና፣ ከቅጠሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ስስ ላስቲክ ወይም ነጠላ ጨርቅ ይዘርጉበት። ተክሉ ከረዘመ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ወጥረው ሽፋኑን እንደ መጋረጃ ይጎትቱታል። ማታ 12 ሰዓት ይዘረጋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይነሣል። ላስቲኩ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላልና ክፍተቱን አይርሱ።

ጥቁር የተቀባ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ስለመደርደር ብዙ ይወራል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ አንድ ጀሪካን ሌሊቱን በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 0.23 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 20 ጀሪካን ማለት አንድ የ460 ዋት ምድጃ 10 ሰዓት ሙሉ እንደማብራት ነው። በነጠላ ላስቲክ በተሸፈነ የእርስዎን በሚያክል ቤት ይህ ከ1 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጀሪካኑን ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ካስገቡት ግን ያው ሙቀት በጠባብ ቦታ ስለሚታጠር ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቲማቲም አበባው ይረግፋል። ቴርሞሜትሩ በ8 ሰዓት 45 ዲግሪ ያሳየኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል በ4 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው የብርድ ምክር እርስዎን ብዙም አይመለከትም። ቴርሞሜትሩ ግን ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ የሚያሳየው የራሱን ሙቀት ነው። ነጭ ካርቶን ጎኑን ቀዳደው ውስጡ ይስቀሉት፤ ከፍታውም በአበባው ልክ ይሁን። በጥላ ሆኖ ከ32 ዲግሪ ካለፈ የአበባው ዱቄት ይመክናል።

የሚከፈተው ቦታ ከወለሉ ስፋት 20 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ለ24 ካሬ ሜትር ወለል ሁለቱን የ6 ሜትር ጎኖች 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ መጠቅለል ይበቃል። የነፍሳት መረብ ካደረጉበት ግን መረቡ አየር ስለሚያንቅ እጥፍ ይጠቅልሉ። ሞቃት አየር የሚወጣው በላይ ስለሆነ የጣሪያው አናት ላይ ክፍተት ከሌለ ጎኑን መክፈት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ኖራ በውሃ ስስ አድርገው በጥብጠው ጣሪያውን ይርጩት፤ ክረምቱ ራሱ ያጥበዋል።

ሙቀቱ ልክ ሆኖም አበባው ከረገፈ፣ ውስጥ ነፋስ የለምና በየሁለት ቀኑ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ በጣት መታ መታ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ዘግቼ እይዛለሁ፤ ላስቲኩ ያንጠባጥባል፣ ቅጠሉም እየጠቆረ ነው። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ዝናቡን ሸሽተው ሻጋታውን ጋብዘውታል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር አልፎ ከወጣ እየዘነበም ጎኑ ክፍት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምረው ይክፈቱ፤ ፀሐይ አየሩን በድንገት ስታሞቀው ገና ቀዝቃዛ በሆነው ቅጠልና ፍሬ ላይ ጠል ያርፋል፣ በሽታውም የሚበቅለው በዚያ እርጥበት ነው። ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል ይልቀሙ፣ የታመመውን ከግቢ አውጥተው ይቅበሩ።

እርጥበቱን ለመለካት ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ይስቀሉ፤ የአንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ በተነከረ የጥጥ ክር ጠቅልለው መውረዱን እስኪያቆም በካርቶን ያራግቡት። ደረቁ 25 ሆኖ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ 85 በመቶ ገደማ ነው፤ ወዲያው ይክፈቱ። ልዩነቱ 5 ሲሆን 65 በመቶ ያህል ነው፤ ለቲማቲም ደግ። 7 ከሆነ 55 ገደማ ነው፤ በዚያ ደረጃ ውሃ እንዳያጥረው ብቻ ይዩ።

ጥያቄ፦ ላስቲኩ ሁልጊዜ የሚቀደደው አጣናው ላይ ነው። ለምን? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አጣናው በፀሐይ ስለሚግል ላስቲኩን የነካበት መስመር ቀድሞ ይደርቃል። የሚነካውን ጎን ነጭ ቀለም ይቀቡት ወይም በነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ምስማርም በቀጥታ አይምቱ፣ ቀጭን ጣውላ አስደግፈው ይምቱት። ሲገዙም ፀሐይ የሚቋቋመውን ባለ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን) ላስቲክ ይጠይቁ።